አውቶማቲክ ካምቢዮ በማንዋል ሲተካ ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦው ሊታወቅ የሚገባው

አንድ ባለ መኪና የተበላሸውን አውቶማቲክ ካምቢዮ አስወርዶ፣ በምትኩ ማንዋል የሚባለውን በእጅ የሚገባ ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ ገዝቶ ይሄዳል እንበል። መካኒኩ ሁለትና ሦስት ቀን ደክሞ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ያስራል፤ ዘይቱን ይሞላል፤ ፔዳሉን ይተክላል። በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ይላል። የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ በርተዋል፣ ባትሪውም ሙሉ ነው፣ መኪናው ግን አይነሣም። በማግሥቱ ጧት ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ከሱቁ በር ላይ ይቆማል፤ «የሸጣችሁልኝ ካምቢዮ አይሠራምና ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይላል።

ነጋዴው ስለ ነገሩ የሚያውቀው ከሌለ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ጤነኛውን ዕቃ መልሶ ተቀብሎ ይከስራል፣ ወይ ተከራክሮ ደንበኛውን ያጣል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ሁኔታ ካምቢዮው ምንም ጥፋት የለበትም። ሞተሪኖውን ያገደው አሮጌው አውቶማቲክ ሲወርድ ተቋርጠው የቀሩ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። የሽቦዎቹን ነገር መረዳት ለመካኒኩ ብቻ የተተወ ጉዳይ ሳይሆን፣ ዕቃውን ለሚያስመጣውና ለሚሸጠውም የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከሒሳቡም በላይ፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የሰው ሕይወት አለበት።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚታሰብበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት በጥገና መኖር ግድ ሆኖባቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያሉት ከጃፓን የወጡ መኪናዎች ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያረጅ ጥገናው ልዩ ባለሙያ የሚጠይቅ፣ መለዋወጫውም ውድ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ባለ መኪና ወደ ማንዋል መዛወርን ያስባል። ይህ ሐሳብ ለሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም፤ ጤነኛ አውቶማቲክ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ እርሱኑ መልሶ መትከል ሥራውን በእጅጉ ያቀልለዋል። መዛወሩ ከተቈረጠ ግን የኤሌክትሪኩ ሥራ ከብረቱ ሥራ እኩል መታሰብ አለበት።

በቀድሞዎቹ አውቶማቲኮች ማርሹን የሚለዋውጠው የዘይት ግፊት ብቻ ስለ ነበር፣ ወደ ካምቢዮው የሚሄዱት ሽቦዎች ጥቂት ናቸው። ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማለት ነው፣ ማርሹን የማዘዙ ሥራ እየዋለ እያደረ ወደ ኮምፒዩተር በመዛወሩ የሽቦው ቊጥር በዛ። ሆኖም በአሮጌውም በአዲሱም ዘንድ አንድ ዕቃ አይጠፋም፤ ይኸውም በካምቢዮው ጎን ወይም በአንዳንዱ መኪና በማርሽ መምረጫው እጀታ ሥር የተሰካው ስዊች ነው። ስዊቹ እጀታው ፒ ወይም ኤን ከሚባለው ፊደል ላይ ሲሆን ብቻ ሞተሪኖው እንዲዞር ይፈቅዳል፤ እጀታው አር ላይ ሲሆን ደግሞ የኋላውን ነጭ መብራት ያበራል። አውቶማቲኩ ሲወርድ ይህ ስዊች አብሮ ይወርዳል፤ ፈቃጁ ከሄደ ሞተሪኖው ፈቃድ የሚያገኝበት የለም ማለት ነው።

በአብዛኞቹ መኪናዎች ከስዊቹ ሶኬት ከሚወጡት ሽቦዎች መካከል ሁለቱ ከሌሎቹ ይወፍራሉ፤ የሞተሪኖው ናቸው። የሚወፍሩበትም ምክንያት አለ። ሞተሪኖው ራሱ ከ100 አምፔር በላይ የሚስበው ከባትሪው በቀጥታ በሚመጣው ወፍራም ገመድ ነው፤ ነገር ግን ያንን ገመድ የሚያገናኘው በራሱ ላይ ያለው ሶሌኖይድ እንኳ በመጀመሪያው ቅጽበት ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ቀጭን ሽቦ የሚቀጥል ሠራተኛ ሽቦው እንዲግል ፈቅዷል ማለት ነው። ሽቦዎቹን በውፍረታቸው ብቻ መገመትም አይበቃም፤ አሮጌው ስዊች ገና ሳይጣል እጀታውን እያዘዋወሩ በቴስተር መለካት ይገባል። በፒ እና በኤን ላይ ብቻ የሚገናኙት ሁለት ጫፎች የሞተሪኖው ናቸው፤ በአር ላይ ብቻ የሚገናኙት የኋላ መብራቱ ናቸው። ለዚህም ሥራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ብዙዎች አጭሩን መንገድ ይይዛሉ። ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች ገፈው አንድ ላይ ይጠመዝዙና በናስትሮ ይጠቀልሏቸዋል። መኪናው ይነሣል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ማንዋል መኪና ማርሽ ውስጥ ገብቶ ሳለ ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ ቁልፉ ቢዞር፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ጎማዎቹንም ስለሚያዞር መኪናው ዘሎ ይሄዳል። ሞተሩም ከተነሣ መኪናው ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል።

«ድሮ የነበሩት ማንዋል መኪናዎች እንዲህ ያለ መከላከያ አልነበራቸውም» ብሎ የሚከራከር ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አልነበራቸውም። ነገር ግን በእነዚያ መኪናዎች ላይ የነበረው ሰው ከመጀመሪያው በማንዋል የሠለጠነ፣ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ማርሹን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ የመፈተን ልማድ ያለው ነበር። ካምቢዮውን ያስለወጠው ሰው ግን ለዓመታት በአውቶማቲክ የነዳ ነው። ሲያቆም እጀታውን ፒ ላይ አድርጎ ይወርዳል፣ ሲያስነሣ ቁልፉን ያዞራል፤ ግራ እግሩ ሥራ አልነበረውም። ጧት ሞተሩ እንዲሞቅ በበሩ በኩል ቆሞ እጁን ብቻ ሰዶ ቁልፉን የሚያዞርም አለ። በዚያች ቅጽበት ዘበኛው ከመኪናው ፊት የግቢውን በር እየከፈተ ቢሆንስ? የለመደ ልማድ በአንድ ሳምንት አይለቅም፤ ስለዚህ መከላከያው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ባለ መኪና ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከካምቢዮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ የሚገናኝ ስዊች ይተከላል፤ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎችም በእርሱ በኩል እንዲያልፉ ይደረጋል። ስዊቹ የሶሌኖይዱን ኀይል ለመሸከም ያልተሠራ ትንሽ ከሆነ ሪሌ መጨመር ይገባል፤ የሪሌው ጥቅል የሚስበው ከ0.2 አምፔር ያነሰ ስለሆነ ትንሹ ስዊች ያለ ችግር ያዝዘዋል፤ ከባዱን ኀይል ሪሌው ይሸከማል። አንድ ስሕተት ግን መጠበቅ ያሻል። በብዙ መኪናዎች የፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ሁለት ስዊቾች ይገኛሉ፤ አንደኛው ፔዳሉ ገና ሲነካ የሚላቀቅ ሲሆን የሚያገለግለውም ለፍጥነት መጠበቂያው ነው። ይህኛው ለሞተሪኖው ቢታሰር ሥራው ይገለበጥና መኪናው እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ ብቻ የሚነሣ ይሆናል፤ ይህም ከምንም የከፋ ነው።

የኋላው ነጭ መብራት ነገር ከዚህ ይቀላል። ማንዋል ካምቢዮ የራሱ የኋላ ማርሽ ስዊች አለው፤ ማርሹ ሲገባ ሁለቱን ጫፎች ከማገናኘት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ የትኛው ሽቦ በየትኛው ጫፍ ቢታሰርም ለውጥ አያመጣም። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ ስለሆነም የነበሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበቃሉ። ችግሩ የሶኬቱ ቅርጽ ነው። የአውቶማቲኩ ሶኬት ከማንዋሉ ስዊች ጋር አይገጥምም፤ የሚገጥመው ሶኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ከአሮጌ መኪና ሲፈታ በመቁረጫ ተቈርጦ ይጣላል። ከዚህም የተነሣ ሠራተኛው ሽቦውን በስዊቹ ላይ በእጁ ያስርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጭቃና በንዝረት ይላቀቃል። በጨለማ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ነጭ መብራት ከሌለው፣ ከኋላው የሚሄደው እግረኛ ማስጠንቀቂያ አያገኝም።

ፔዳሉ ሲለወጥ የሚረሳ ሌላ ነገርም አለ። የአውቶማቲክ መኪና የፍሬን ፔዳል ሰፊ ስለሆነ በጠባቡ ይተካል፤ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ፔዳሎቹ የተሰቀሉበት ብረት በሙሉ ይወጣል። የቀዩ የፍሬን መብራት ስዊች ያለው በዚያው ላይ ነው። ወደ አዲሱ ሲዛወር በልኩ ካልተጠጋ፣ ወይ መብራቱ ፍሬን ሲያዝ አይበራም፣ ወይ ሌሊቱን ሲበራ አድሮ ባትሪውን ይጨርሳል።

ባትሪ የሚጨርስ ሌላም ምክንያት ይኖራል። በብዙ አውቶማቲክ መኪናዎች እጀታው ፒ ላይ ካልተመለሰ ቁልፉ ከመሪው እንዳይወጣ የሚያግድ ትንሽ ሶሌኖይድ አለ። እጀታው ተነቅሎ ሲወጣ ይህ ዕቃ የፒን ምልክት ሲጠብቅ ይኖራል፤ ባለቤቱም ቁልፉን ማውጣት ተስኖት ይጨነቃል። የሶሌኖይዱን ሶኬት ነቅሎ ጫፉን ሸፍኖ ማሰር ይበቃል፤ ሥራው የደቂቃ ነው፣ ያላወቀ ግን የመሪውን ቁልፍ በሙሉ እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል።

የፍጥነት መለኪያውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መለኪያው ምልክቱን ከየት እንደሚያገኝ ነው። ፍጥነቱን ከየጎማው ላይ ከሚያነብበው ከፍሬኑ ኮምፒዩተር የሚያገኝ መኪና ካምቢዮው በመለወጡ አይናወጥም። ከካምቢዮው ላይ በሚሽከረከር ገመድ ወይም በሴንሰር የሚያገኘው ግን ይናወጣል። በብዙዎቹ የጃፓን መኪናዎች ልኩ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ዙር ነው፤ ሴንሰሩም በየዙሩ 4 ምልክት ሲሰጥ በኪሎ ሜትሩ 2,548 ምልክት ይሆናል። ሴንሰሩን የምታዞረው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ለሌላ ሞዴል የተሠራች ከሆነች ልኩ ይዛባል። ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ ኀይል፣ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ምልክት ነው፤ እነዚህን አቀያይሮ ማሰር ሴንሰሩን ያቃጥላል። ፍጥነቱን የሚጠብቀው የሞተሩም ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ነገሩ የመለኪያው ቀስት ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ይኸው ኮምፒዩተር ነው። በአዲሶቹ መኪናዎች አውቶማቲኩን የሚያዝዘው ወይ ከሞተሩ ጋር በአንድ ሣጥን ያለ ወይም ለብቻው የተቀመጠ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ሶሌኖይዶች ዘወትር ይፈትሻቸዋል። ካምቢዮው ወጥቶ ሶሌኖይዶቹን ሲያጣ፣ ተበጠሱ ብሎ ይቈጥርና በዳሽቦርዱ ላይ ቢጫውን የቼክ መብራት ያበራል። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ ፒ0750 እና ፒ0755 የሚሉት ቊጥሮች ስለ ማርሽ ሶሌኖይዶቹ፣ ፒ0740 ስለ ኮንቨርተሩ መቈለፊያ፣ ፒ0705 ስለ እጀታው ስዊች የሚናገሩ ናቸው። ሞተሩ ይሠራል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ኮምፒዩተር ብልሽት አለ ብሎ ኀይሉን ይቀንሳል፤ መብራቱም ዘወትር እየበራ ስለሚኖር፣ ነገ እውነተኛ የሞተር ብልሽት ቢመጣ የሚያስታውቅ ምልክት የለም።

ለዚህ አንዳንዶች በየሶሌኖይዱ ፈንታ ሬዚስተር አስረው ኮምፒዩተሩን ያታልሉታል። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የማርሽ ሶሌኖይድ ከ11 እስከ 15 ኦም የሚደርስ ነው፤ በ12 ቮልት አንድ ባለ 13 ኦም ሬዚስተር 11 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ከራዲዮ ቤት የሚገዛው የሩብ ዋት ሬዚስተር እዚያ ላይ ቢታሰር ተቃጥሎ አጠገቡ ያለውን ሽቦ ጭምር ያቀልጣል። በትልቅ ሬዚስተር ተሠርቶ መብራቱ ቢጠፋም፣ ኮምፒዩተሩ ማንዋል ሆነ ማለት አይደለም፤ ያው በሌለ ካምቢዮ ላይ ማርሽ ሲለዋውጥ ይውላል።

የተሻለው መንገድ የዚያኑ ሞተር የማንዋል ኮምፒዩተር ማግኘት ነው። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ቁልፉን የሚለይ የሌባ መከላከያ ስላላቸው፣ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒዩተር የመኪናውን ቁልፍ አያውቀውም፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ አይነሣም ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚያስመጣ ነጋዴ ከነቁልፉና ቁልፉን ከሚያነብበው ዕቃ ጋር ካላመጣ፣ ወይም በአገር ውስጥ የሚያስተዋውቅለት ባለሙያ ከሌለው፣ ሣጥኑ በመደርደሪያ ላይ ይቀርበታል። ለብቻው የተገዛ ኮምፒዩተር ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለ አሠራሩ ጥራት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። የካምቢዮው አካባቢ ሙቀት፣ ዘይትና ውኃ የሚበዛበት ስለሆነ የተጠመዘዘና በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ አይበረክትም፤ በብየዳ ወይም በመጨመቂያ ተያይዞ በሙቀት በሚኰማተር ፕላስቲክ መሸፈን አለበት። ሥራ ያጡት ሽቦዎች ተሰብስበው በአንድ ላይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሸፈኑ። የሽቦ ቀለም አይታመን፤ በተለይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪና ውስጥ ሽቦዎቹ ቀድሞም ተቈርጠው በሌላ ቀለም የተቀጠሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሞተሩና ከካምቢዮው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ግራውንድ የሚባለው ወፍራም ገመድም ብዙ ጊዜ በካምቢዮው ብሎን ላይ የሚታሰር ስለሆነ እንዳይረሳ። ከተረሳ የሞተሪኖው ኀይል መመለሻ አጥቶ በነዳጅ መስጫው ወይም በፍሪሲዮኑ ገመድ በኩል ይሄዳል፤ ገመዱም ግሎ ሲጨስ የታየበት ጊዜ አለ። ሰውም «ሞተሪኖው ደከመ» ብሎ ሌላ ሞተሪኖ ይገዛል።

አስመጪው ከሻርጃ ወይም ከጃፓን ሲያዝ ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ነገር አለ። ካምቢዮው ከነኋላ ማርሽ ስዊቹ፣ ስዊቹም ከነሶኬቱና ቢያንስ አንድ ስንዝር ከሚሆን ሽቦ ጋር እንዲቈረጥ አስቀድሞ ለሻጩ በጽሑፍ መንገር ይገባዋል። ፔዳሎቹ ከነስዊቾቻቸው፣ የፍጥነት ሴንሰሩ ከነጥርሱ አብረው ይጠየቁ። በቶዮታ መኪናዎች ላይ ከሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም ከበሩ ጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የካምቢዮው ዓይነት በአኀዝና በፊደል ተጽፎ ይገኛልና፣ የሚፈታው መኪና ሰሌዳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲላክ ማድረግ ነው። አሮጌ መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ እየዞረ እነዚህን ትናንሽ ዕቃዎች አንድ በአንድ የሚፈልግ ደንበኛ ለየብቻ የሚከፍለው ተደምሮ ሲታይ፣ በአንድነት የተሰናዳውን ዕቃ ጥቂት ጨምሮ ቢገዛ እንደሚሻለው ሳይነገረው ይገባዋል።

ባለ ሱቁም በደረሰኙ ላይ «ካምቢዮ አንድ» ብቻ ብሎ መጻፉን ቢተው ይበጀዋል። «ካምቢዮ ከነኋላ ማርሽ ስዊቹ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ከነሞተሪኖ ስዊቹ፣ የፍጥነት ሴንሰር፤ ኮምፒዩተር አልተካተተም» ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ወገኖች የተሸጠውንና ያልተሸጠውን ያውቃሉ። ደንበኛው ስዊቹን አልፈልግም ካለ ያም ይጻፍ።

ዕቃው ጤነኛ መሆኑንና ሽቦው በትክክል መታሰሩን ለማረጋገጥ፣ መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት በሰፊ ግቢ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ሳይቆም፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ይፈተን። ማርሹ ነጻ ሆኖ ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ማለት አለበት፤ ሲረገጥ መዞር አለበት። የኋላ ማርሽ ሲገባ ነጩ መብራት፣ ፍሬን ሲያዝ ቀዩ መብራት ይታይ፤ ሲለቀቁም ይጥፉ። ቁልፉ ወጥቶ ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ ከባትሪው የሚወጣ ኀይል እንዳለ በቴስተር ይለካ። የወረደው አውቶማቲክ ካምቢዮ ስዊች፣ የእጀታው ሶኬትና ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጤነኞች ከሆኑ እንደ ቍርጥራጭ ብረት አይጣሉ፤ አውቶማቲኩን ሳይለውጥ ለማስጠገን ለሚፈልግ ሌላ ባለ መኪና ተፈላጊ ዕቃዎች ናቸው።